ጉሙ ሳይቀድማችሁ፦ ከደብረ ሲና ተነስቶ ጣርማ በርን በእግር የማለፍ ዝርዝር መመሪያ

በአማርኛ የተራራ መተላለፊያ «በር» ይባላል። ጣርማ በር እንዲሁ ነው። የአንኮበርንም ስም ሰዉ «የአንኮ በር» እያለ ይፈታዋል። የድሮ ሰዎች ስም ሲያወጡ እንዲያው አይደለም። በር ይከፈታል፤ በር ይዘጋል። ጣርማ በርን የሚዘጋው ጉም ነው። የዚህ ሁሉ ጽሑፍ ቁም ነገር ይህችው ናት፦ ጉሙ ሳይዘጋው በሩ ላይ ድረሱ። ስለ ጫማው፣ ስለ በሶው፣ ስለ ሰዓቱ የምለው ሁሉ ከዚህች የሚመነጭ ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የተጓዘ ሰው ቦታውን በመኪና መስኮት ያውቀዋል። ከደብረ ብርሃን በኋላ ሜዳ ሜዳውን ስትሄዱ ትቆዩና ድንገት መሬት ያልቃል። መኪናው፣ ጣሊያን በወረራው ዘመን ተራራውን ሰርስሮ የሠራው ዋሻ ውስጥ ይገባል። በወዲያ በኩል ሲወጣ ከፊታችሁ ያለው ሰማይ ብቻ ነው። ሾፌሩ ማርሽ ይቀንሳል። ጆሮ ይደፈናል። አጠገባችሁ የተቀመጡት እናት ያማትባሉ። ከዚያ መኪናው እየተጠማዘዘ ደብረ ሲና ድረስ ይወርዳል። እኛ እንግዲህ ይህንን ቁልቁለት ገልብጠን በእግር ልንወጣው ነው።

ደብረ ሲና ከአዲስ አበባ 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ከተማዋ ራሷ ደጋ ናት፤ ከ2,600 ሜትር በላይ ከፍታ አላት። በሩ ያለው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ልዩነቱ ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ማለት ነው። በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል። ዳገቱ ግን ቀጥ ያለ ነው፣ አየሩም ስስ ነው። መካከለኛ እግር ያለው ሰው ከነዕረፍቱ 4 ሰዓት ቢያስብ ይሻላል። ከላይ ደግሞ የገደሉን አፋፍ ይዞ ለመዘዋወር ሌላ 2 ሰዓት።

«ከላይ ጀምሮ መውረድ አይቀልም ወይ?» ይሉኛል። ለትንፋሽ ይቀላል፣ ለጉልበት አይቀልም። ደግሞም ሽቅብ ስትሄዱ አንድ ሰው ቢታመም መመለሻው ቁልቁል ነው። ከፍታ ላመመው ሰው ከመውረድ የተሻለ መድኃኒት የለም። ስትጨርሱም አስፋልት ላይ ትወጣላችሁ፣ መኪና ይዛችሁ ወደ ደብረ ብርሃን። ስለዚህ ከታች ወደ ላይ።

ከሁሉ በፊት ስልክ ደውሉ

ሻንጣ ከማዘጋጀታችሁ በፊት እዚያ ለሚኖር ሰው ደውሉ። «ሰሞኑን እንዴት ነው? መንገዱ ሰላም ነው?» በሉ። ዘመድ ከሌላችሁ በዚያ መስመር የሚሠራ ሾፌር ጠይቁ። የሰሜን ሸዋ ሁኔታ ከወር ወር የሚለያይበት ጊዜ ታይቷል። ሰውዬው «ኧረ ምንም የለም» ካለ ጥሩ ነው። «እንግዲህ… ትንሽ ቢቆይ» ብሎ ካንጠለጠለው መልሱን አግኝታችኋል። ቅሩ። ተራራው የትም አይሄድም።

ደብረ ሲና ስትደርሱ ደግሞ ለወረዳው ወይም ለቀበሌው ሰዎች እንደምትወጡ አሳውቁ። መታወቂያ ያዙ። ድሮን ያለ ፈቃድ ይዞ መገኘት ጣጣ ስለሆነ እቤት ይቅር።

የአካባቢ ልጅ መሪ አድርጋችሁ ያዙ። ይህንን እንደ ምክር ሳይሆን እንደ ግዴታ ቁጠሩት። ከከተማው ወደ ላይ የሚያወጣው እግር መንገድ አንድ አይደለም። የከብት መንገድ አለ፣ የውሃ መቅጃ መንገድ አለ፣ እንጨት ለቃሚ ያወጣው መንገድ አለ። ግማሾቹ ገደል ሥር ደርሰው ይቆማሉ። ዋጋውን ሳትነሱ ተስማሙ፤ ምሳውንም እናንተ ቻሉ።

ወሩን መምረጥ

ምርጡ ጊዜ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር ነው። ሰማዩ ይጠራል፣ መሬቱ ይደርቃል። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ገብሱና ባቄላው ማሳ ላይ ነው፤ ለዓይን ከዚህ የሚያምር የለም። ሌሊቱ ግን ውርጭ ነው። ጠዋት ሣሩ ላይ ነጭ ነገር ስታዩ አትገረሙ።

ከየካቲት መጨረሻ ጀምሮ የበልግ ዝናብ ይመጣል። ይህ የምሥራቅ አፋፍ በልግ የሚያገኝ አገር ነው፤ ከአዲስ አበባ ሰማይ ተነስታችሁ አትገምቱ። ክረምትን ጨርሶ ተዉት። ጭቃው፣ በረዶው፣ መብረቁ አንድ ነገር ነው። ዋናው ግን መሬቱ ራሱ አይታመንም። በ1998 ዓ.ም. መግቢያ ላይ፣ ገና ክረምቱ እንደወጣ፣ በደብረ ሲና አቅራቢያ ይዛባ በሚባለው አካባቢ መሬቱ ተንሸራቶ ብዙ ሰው ቤት ንብረቱን አጥቷል። ውሃ የጠገበ ዳገት ላይ ለመዝናናት አይወጣም።

እግርን ማለማመድ

አዲስ አበባ ከሆናችሁ መለማመጃው ደጃችሁ ላይ ነው። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ከጣርማ በር ጋር ይቀራረባል። አራት ሳምንት ቀደም ብላችሁ በየሳምንቱ አንድ ቀን ከሽሮ ሜዳ ተነስታችሁ እንጦጦ ማርያም ድረስ ውጡ። በመጀመሪያው ሳምንት ባዶ እጃችሁን። ከዚያ የምትሸከሙትን ቦርሳ ከነውሃው ይዛችሁ። በአራተኛው ሳምንት ላይ ሳትቆሙ እያወራችሁ መውጣት ከቻላችሁ ዝግጁ ናችሁ። ጂም ቤት ትሬድሚል ላይ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሮጣችሁ ለኔ አትንገሩኝ፤ እዚያ ድንጋይ የለም።

ከአዳማ፣ ከድሬዳዋ፣ ከአዋሽ የምትመጡ ግን ጉዳያችሁ ይለያል። እናንተ ከዝቅተኛ ቦታ ነው የምትነሱት። በ3,200 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በሲሶ ያህል ያንሳል። ሰውነት ይህንን ለመልመድ ጊዜ ይፈልጋል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚያ አንድ ሌሊት እደሩ። ብርዱ ቢያማርርም ለሳምባ ትምህርት ቤት ነው።

ቦርሳው ውስጥ ምን ይገባል

መጀመሪያ ጫማ። አዲስ ጫማ በዚያ ቀን አታስመርቁ። ሶሉ ጥርስ ያለው፣ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ፣ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ረጅም መንገድ የሄዳችሁበት ይሁን። ነጠላ ሶል ስኒከር በጠዋቱ ጤዛ ላይ እንደ ሳሙና ነው። የአገሩ ገበሬ በኮንጎ ጫማ ሲበር ታዩና ትቀናላችሁ። አትቅኑ፤ እሱ እዚያ ዳገት ላይ ነው ዳዴ ያለው።

ልብስ ደርባችሁ ልበሱ። ሙቀቱ በየ100 ሜትሩ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ስለሚቀንስ ከታች በላብ የራሰ ቲሸርት በሩ ላይ ሲደርስ በረዶ ይሆናል። ከውስጥ ላብ የሚያደርቅ ስስ ነገር፣ ከመካከል ሹራብ፣ ከላይ ንፋስና ዝናብ የማያስገባ ጃኬት። ጋቢ ለማደሪያ እንጂ ለመንገድ አይሆንም፤ ጥጥ ውሃ ከጠጣ አይሞቅም፣ ይከብዳልም። መንዞች ይህንን ከማንም በፊት ያወቁ ናቸው። ከበጎቻቸው ጸጉር የሚሠሩት ባናና በርኖስ ረጥቦም ሙቀት ይይዛል። የውስጥ ቲሸርትና ካልሲ ቅያሪ ፌስታል ውስጥ አስራችሁ ያዙ። በሩ ላይ ስትደርሱ የመጀመሪያው ሥራ ልብስ መቀየር ነው።

ውሃ ለአንድ ሰው 3 ሊትር። ትልቁን ሃይላንድ ሁለት ከያዛችሁ ይበቃል። ምንጭ ታገኛላችሁ፣ ግን ከላይ ከብት አለ። መጠጣት ካለባችሁ ውሃ አጋር የሚባለውን የውሃ ማከሚያ ጠብ አድርጋችሁ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ከፋርማሲ ሁለት ፓኬት ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጠውን ዱቄት) ግዙ፤ ርካሽ ነው፣ ሰው ሲዝል ታምር ይሠራል።

ምግብን በተመለከተ በሶን የሚያህል የለም። ከውጭ የሚመጣው የኃይል ምግብ ሁሉ የበሶ ልጅ ነው እላለሁ፤ የሚከራከረኝ ይምጣ። አሠራሩ ይኸው። በሶውን እቤት ከስኳርና ከትንሽ ጨው ጋር ቀላቅላችሁ በወፍራም ፌስታል ያዙ። ዳገቱ መሐል ላይ ስታርፉ በዚያው ፌስታል ውስጥ ውሃ በትንሹ አፍስሱና ከውጭ በኩል በጣት እሹት። ውሃው ሲበዛ ይላቁጣል፣ ሲያንስ ትን ይላል። ጭብጥ ሲሆን የፌስታሉን ጥግ ቀዳችሁ እንደ ጥርስ ሳሙና እየጨመቃችሁ ብሉ። እጅ መታጠብ የለም፣ ዕቃ የለም። ማር ያለው ሰው ከስኳሩ ይልቅ ማር ያድርግ። ከዚህ ሌላ ቆሎ በኪስ። ቆሎ በየደቂቃው ትንሽ ትንሽ ስለሚበላ ሆድ አይከብድም። ደብረ ሲና ውስጥም መንገድ ዳር ይሸጣል።

ጾም ከሆነና እስከ ስድስት ሰዓት የምትቆዩ ከሆነ በግልጽ ልናገር፤ ያንን ቀን አትውጡ፣ ሌላ ቀን ምረጡ። ባዶ ሆድ፣ ብርድና ከፍታ አንድ ላይ አይስማሙም።

የቀረው ጥቃቅን ነው፦ ፊሽካ፣ ባትሪ፣ ፓወር ባንክ፣ ፕላስተር፣ ላስቲክ ፋሻ፣ የፀሐይ ቅባት፣ ባርኔጣ። እና ዱላ። ዱላው ለሁለት ነገር ነው፤ ለዳገቱና ለውሻ። ስለ ውሻው እመለስበታለሁ።

ማታ ደብረ ሲና

ከአዲስ አበባ በላምበረት መናኸሪያ በኩል በጠዋት ተነሱ። ምሳ ደብረ ብርሃን፣ አዳር ደብረ ሲና። ማታ አስቡበት፣ ጠዋት ጊዜ አይበቃችሁም። መሪያችሁን ማታውኑ አግኙት። ቁርስ የሚሆን ዳቦ ማታውኑ ግዙ። ሻይ በፔርሙዝ ማታውኑ አስሞሉ።

ይህንን አጥብቄ የምነግራችሁ እኔ ስለተቀጣሁበት ነው። አንድ ጊዜ ሦስት ሆነን ሄድን። ጠዋት አንዱ ጓደኛችን «ትኩስ ነገር ሳልበላ አልወጣም» አለ። ፍርፍር አዘዝን። ፍርፍሩ እስኪመጣ 40 ደቂቃ፣ ሻይ፣ ከዚያ ቡና፣ ከዚያ ፎቶ። የተነሳነው 2 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። 5 ሰዓት ገደማ፣ ከዳገቱ ሁለት ሦስተኛውን እንደወጣን፣ ከበታቻችን ነጭ ነገር መጣ። በመጀመሪያ ውበቱ ገረመን፣ ካሜራ አወጣን። አሥር ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ የራሴን ዱላ ጫፍ ማየት አቃተኝ።

መሪ አልያዝንም ነበር፤ «መንገዱ ያው ሽቅብ ነው» ብለን። ትንሽ ሄድን። መንገዱ ጠፋ። ከፊቴ አስታ ቁጥቋጦ ነበር፣ ከእሱ በኋላ ምንም። ድንጋይ ወረወርኩ። ሲያርፍ አልሰማሁም። እዚያው ቁጭ አልን። አንድ ሰዓት ሙሉ ማንም ምንም አላወራም፤ ፍርፍሩን ያዘዘውም ጭምር።

ያወጣን ጅራፍ ነው። የሆነ ቦታ «ጧ!» አለ። ጮኽን። ከጉሙ ውስጥ መጀመሪያ በጎች መጡ፣ ጸጉራቸው ላይ ጤዛው እንደ ዶቃ ተሰክቷል። ከኋላቸው ባና የተከናነበ ልጅ፤ አሥራ አንድ አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። ልጁ ተራ በተራ ተመለከተን። «ጋሼ፣ ይሄኮ ገደል ነው» አለኝ፤ ሳሎኑ ውስጥ የተሳሳተ ወንበር ላይ የተቀመጥኩ ያህል። መንገዱ ከኋላችን ሠላሳ እርምጃ ላይ ነበር።

ጉሙ ለምን በዚያ ሰዓት ይመጣል?

ከደብረ ሲና በታች ሸዋ ሮቢት አለች፣ ከዚያም ወዲያ የአፋር ቆላ። ፀሐይ ያንን ቆላ ስታሞቀው እርጥበት የያዘው አየር ዳገቱን ተከትሎ ሽቅብ ይወጣል። ሲወጣ ይቀዘቅዛል። ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያለው ውሃ ወደ ጠብታ ይለወጣል፤ ያ ነው ጉሙ። ስለዚህ ንጋት ላይ ብዙ ጊዜ ጥርት ያለ ነው፣ ረፋዱ ላይ ይነሳል። ከዓመቱ ቀን ሁሉ ሰዓቱ አንድ አይደለም። እኔ ግን 4 ሰዓት ተኩልን የበሩ መዝጊያ አድርጌ ነው የማሰላው። ከዚያ ወደ ኋላ 4 ሰዓት ቁጠሩና ምን እንደሚወጣ እዩ፤ 12 ሰዓት ተኩል። እንዳይጠባችሁ ደግሞ 12 ሰዓት ላይ እግራችሁ መንገዱን ይርገጥ።

መውጣት፦ ከ12 እስከ 4 ሰዓት

*የመጀመሪያው ሰዓት።* ከቤቶቹ ወጥታችሁ በባሕር ዛፉና በእርከኖቹ መካከል ነው የምትሄዱት። እዚህ ሁሉም ሰው አንድ ስህተት ይሠራል፤ ይቸኩላል። ሰውነት ትኩስ ነው፣ ብርድ አለ፣ ወሬ አለ። ዝግ በሉ። መለኪያው ቀላል ነው፤ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳትቋረጡ መናገር ካልቻላችሁ ፈጥናችኋል። ከቡድኑ ደካማውን ሰው ከፊት አድርጉት፤ ፍጥነቱን እሱ ያውጣው።

በማሳ ውስጥ አትለፉ፤ ድንበሩን ይዛችሁ ዙሩ። እሸት ቀጥፎ መብላት አምሯችሁ ይሆናል። ባለቤቱ ካለ ጠይቁት፣ ራሱ ቆርጦ ይሰጣችኋል። ከሌለ እጃችሁን ሰብስቡ።

ውሻው እዚህ ነው የሚመጣው። የደጋ ውሻ ቀልድ አያውቅም። ቤት ስትጠጉ ገና ከሩቁ «ቤቶች!» ብላችሁ ተጣሩ። ከመጣ አትሩጡ። ተጠጋግታችሁ ቁሙ፣ ዱላውን ከፊት ያዙ። ጎንበስ ብላችሁ ድንጋይ እንደምታነሱ ሁኑ፤ ብዙውን ጊዜ ይህች ብቻ ትበቃለች። ሳትወረውሩ። ከዚያ አንዲት እማማ ከደጅ ብቅ ብለው ውሻውንም እናንተንም ይቆጣሉ። ሰላም በሏቸው፣ ደህንነታቸውን ጠይቁ። ጊዜ የሚያባክን ሰላምታ የለም። ስንት ሆናችሁ ወደ ላይ እንደሄዳችሁ ያየ ሰው አገኛችሁ ማለት ነው፤ አንድ ነገር ቢፈጠር «ሲወጡ አይቻለሁ» የሚል ሰው።

መንገድ ስትጠይቁ «ቅርብ ነው?» አትበሉ። መልሱ ሁልጊዜ «ቅርብ ነው» ነው፤ ሊያበረታቷችሁ እንጂ ሊዋሹ አይደለም። «ስንት ሰዓት ያስኬዳል?» በሉ፤ መልሱን ደግሞ በሁለት አባዙት። አገጩን አንስቶ «እዚያ» ካለ ቅርብ ነው። «እዚያአአ» ብሎ ከሳበው ዕረፍት አድርጋችሁ ቀጥሉ። ድምፁ ቀጥኖ ሽቅብ ከሄደ ቆሎውን አውጡ።

*ሁለተኛውና ሦስተኛው ሰዓት።* እርሻው እየሳሳ፣ ድንጋዩ እየበዛ ይሄዳል። እውነተኛው ዳገት ይህ ነው። ቀጥታ ሽቅብ አትውጡ፣ ዚግዛግ ሂዱ። ሙሉ እግር ርገጡ፤ በጣት ከወጣችሁ ባታችሁ ይቆማል። በጣም ሲጠብ አንድ እርምጃ፣ አንድ ትንፋሽ። በ50 ደቂቃ አንዴ 10 ደቂቃ እረፉ፣ ከዚያ በላይ አትቀመጡ፤ ላቡ ይቀዘቅዛል። ሳይጠማችሁ ጠጡ።

ጥቁሩ ድንጋይ እሳተ ገሞራ የተፋው ባሳልት ነው። ደረቅ ሲሆን ጫማ ይይዛል፣ ሽበት ያበቀለው ወይም የረጠበው ግን ያንሸራትታል። ሁለት ሰው አንዱ ከአንዱ በላይ ቀጥታ መስመር ላይ አይሁን። ድንጋይ ከተንከባለለ «ድንጋይ!» ብላችሁ ጩኹ። አሳፋሪ አይደለም።

አስፋልቱ ላይ ስትወጡ ብዙ አትቆዩበት። ያንን ቁልቁለት ከባድ መኪና በፍሬን እየታገለ ነው የሚወርደው። ዋሻው ውስጥ ደግሞ በእግር አትግቡ። ርዝመቱ ከግማሽ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ጨለማ ነው፣ ጭስ ነው፣ ለእግረኛ የታሰበ ቦታ የለውም። እግር መንገዱ በላይ በኩል ያልፋል፤ መሪው ያውቀዋል።

*የመጨረሻው።* ንፋሱ ይነግራችኋል። እስካሁን ዳገቱ ከልሏችኋል፤ በሩ ላይ ግን ከማዶ በኩል ፊት ለፊት ይመታችኋል። ባርኔጣችሁን ያዙ። ጃኬቱን ንፋሱ ሳያገኛችሁ ልበሱ፣ ካገኛችሁ በኋላ ጣት አይታዘዝም።

ራስ ምታት ሲመጣ

ቀላል ራስ ምታት ብዙ ሰው ይይዘዋል። ውሃ፣ ዕረፍት፣ በሶ። ካልለቀቀና ማቅለሽለሽ፣ ማዞር ከተጨመረበት ከፍታው ነው። ሽቅብ መሄድ በዚያው ይቆማል። መንገዳገድ፣ ቃል መሳት ወይም ተቀምጦም ትንፋሽ ማጠር ካያችሁ አታመንቱ፤ ወዲያውኑ ወደ ታች፣ ከዚያም ሐኪም ቤት። ብቻውን ማንም አይወርድም። «እኔ ልጠብቃችሁ፣ እናንተ ውጡ» የሚል ጀግና በየቡድኑ አለ፤ አትስሙት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907፣ ፖሊስ 991 ነው። ኔትወርክ በየቦታው ስለማይኖር ከመነሳታችሁ በፊት የት የት እንደሚይዝ መሪውን ጠይቁት።

ጉሙ መንገድ ላይ ከያዛችሁ ደግሞ እንደኛ አትሁኑ። መሪ ካለ ተጠጋግታችሁ ተከተሉት። መሪው ራሱ ከተጠራጠረ ቁሙ። ቁጭ በሉ፣ የያዛችሁትን ሁሉ ልበሱ፣ ፊሽካውን ሦስት ሦስት ጊዜ ንፉ። ጉም ይገላለጣል። ገደል አይገላለጥም።

በሩ ላይ

ልብስ ቀይሩ፣ ሻይ ቅዱ። ከዚያ እዩ። በምሥራቅ በኩል መሬቱ እየተደረበ እየተደረበ እስከ ቆላው ይወርዳል። ሸዋ ሮቢት ያለችው እዚያ ታች ነው። በምዕራብ ደግሞ ሜዳ፣ የድንጋይ ካብ፣ ገብስ፣ በግ፤ መንዝ በዚያ በኩል ነው። የቆማችሁበት ጠርዝ የውሃ መለያያ ነው። በምሥራቁ ተዳፋት የወረደ ጠብታ ወደ አዋሽ ይሄዳል፣ አዋሽም ባሕር ሳያይ አፋር ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። በምዕራብ የወረደው በጀማ በኩል ዓባይ ገብቶ ግብፅ ይደርሳል። ከፔርሙዙ የተረፈውን ሻይ ወዴት እንደምትደፉ አስባችሁ ድፉ።

ጊዜና ሰማይ ከፈቀዱ አፋፉን ይዛችሁ ተዘዋወሩ። ከጠርዙ ቢያንስ አምስት እርምጃ ራቁ፤ ሣሩ ከገደሉ አልፎ ተንጠልጥሎ መሬት የሚመስልበት ቦታ አለ። ለፎቶ ብሎ ጠርዝ ላይ መቀመጥ የሚባል ነገር የለም።

ጭላዳ ዝንጀሮዎቹን ታገኛላችሁ። ከኢትዮጵያ በቀር የትም የሉም። ሌሊት ገደሉ ላይ ያድራሉ፣ ጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ ወደ ሜዳው ይወጣሉ። ዝም ብላችሁ ከተቀመጣችሁ ሣሩን በጣታቸው እየነቀሉ አጠገባችሁ ይደርሳሉ፤ «ጭር ጭር» የምትል የጥርስ ድምፅ ትሰማላችሁ። የወንዱ ደረት ላይ ያለው ቀይ ቦታ ደም አይደለም፣ እንዲሁ ነው የተፈጠረው። ምግብ አትስጧቸው። መኪና መንገድ ዳር የለመዱት ሰው እጅ ማየት ጀምረዋል፤ መጨረሻው ጎማ ሥር ነው።

መመለስ

እስከ 9 ሰዓት አስፋልቱ ላይ ሁኑ። ከደሴ መስመር የሚመጣ መኪና ሞልቶ ሊያልፍ ይችላል፤ ሦስት አራቱ ቢያልፏችሁ አትደንግጡ። ዋሻው አፍ ላይ አትቁሙ፤ ወደ መንዝ የሚገነጠለው መንገድ አካባቢ ሰፋ ያለ ቦታ አለ፣ ሰዉም የሚቆመው እዚያ ነው። የሱፍ ቆብ የሚሸጡ ልጆች ይመጡባችኋል። ቆቡ ጥሩ ነው፣ ጆሮ ይሸፍናል። ተከራከሩ፣ ግን እየተንቀጠቀጣችሁ አትከራከሩ፤ ዋጋ አይወርድም።

እስከ ደብረ ብርሃን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስትደርሱ መጀመሪያ ውሃ፣ ከዚያ ትኩስ ሾርባ። የደብረ ብርሃን አረቄ ስሙ የታወቀ ነው፣ ጓደኛም ይጋብዛል። ውሃ የጎደለው ሰውነት ላይ ግን አረቄ ራስ ምታቱን መልሶ ይጠራዋል፤ ለሌላ ቀን ይቆይ። ጫማችሁን አውልቃችሁ ሶሉን አውጡና ውስጡን ጋዜጣ ጠቅጥቁበት። ከእሳት አጠገብ አታድርጉት፣ ሙጫው ይለቃል። ጋዜጣውን ሌሊት አንዴ ከቀየራችሁት ጠዋት ደርቆ ታገኙታላችሁ።